ለሌላው ያሳደገ ቤት፤ የሞንትሪያል ሮያልስ የቤዝቦል ቡድን ታሪክ

ታሪክ ሲጻፍ ስሙ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ወንዙን ተሻግሮ ከማዶ የደረሰው ሰው ነው፤ የተሻገረበትን ድልድይ ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በማኅበሮችም መካከል ነገሩ እንዲሁ ነው። ራሳቸው ታላቅ ስም ሳያገኙ ታላላቆችን አሳድገው ለሌላ የሰጡ፣ ሥራቸውንም ከፈጸሙ በኋላ ፈርሰው የቀሩ አሉ። ከነዚህም አንዱ በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ የነበረው ሮያልስ የሚባለው የቤዝቦል ቡድን ነው።

ይህ ቡድን በ1897 ተመሥርቶ፣ በመካከሉ ዐሥር ዓመት ያህል ተቋርጦ፣ በ1960 ፈረሰ። ይጫወትበት የነበረውም ሜዳ ፈርሶ በቦታው ትምህርት ቤት ቆሞበታል። ዳሩ ግን በ1946 በአንድ የበጋ ወራት በዚህ ቡድን የተደረገው ነገር ከጨዋታ አልፎ የሰውን ክብር የሚመለከት ሆነ። ስለዚህ የቡድኑን መነሻ፣ ሥራውንና አፈራረሱን በቅደም ተከተል መጻፍ ይገባል። ከዚህ በታች የሚነገረው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፩. ስለ ጨዋታውና ስለ ሊጎቹ ሥርዓት

ቤዝቦል ሁለት ቡድኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው አሰልፈው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የአንዱ ወገን ወርዋሪ ኳሱን በኃይል ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን አንድ ሰው ዱላ ይዞ ይመታል። ከመታም በኋላ በሜዳው ላይ በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ማረፊያዎች በሩጫ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል። ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ ያሳለፈው እንደ ሆነ ሆም ራን ይባላል፤ ያን ጊዜ ከልካይ ሳይኖረው ዞሮ ይገባል። ወርዋሪው በኳሱ ነገር ሲጠመድ ከአንዱ ማረፊያ ወደሚቀጥለው ፈጥኖ መድረስ ደግሞ ማረፊያ መስረቅ ይባላል።

በኢትዮጵያ የገናን ጨዋታ ያየ ሰው የዱላና የኳስ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን በገና ጨዋታ ሁሉም ባንድነት ይሯሯጣል፤ በቤዝቦል ዱላውን የያዘው ሰው በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ብቻውን ቆሞ ይፈተናል። የሕዝቡ ጭብጨባም ስድብም የሚያርፈው በእርሱ በአንዱ ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረውን ለማስተዋል ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የዚህ ጨዋታ ታላላቅ ሊጎች ሁለት ናቸው፤ ከነርሱ በታች በደረጃ በደረጃ የተሠሩ ታናናሽ ሊጎች አሉ። በቀድሞ ዘመን የታናናሾቹ ሊጎች ቡድኖች ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር። ብራንች ሪኪ የሚባለው ሰው የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ቡድን አስተዳዳሪ በነበረበት ጊዜ ግን ሌላ ዘዴ አመጣ። ተጫዋችን በውድ ዋጋ ከመግዛት ይልቅ ታናናሽ ቡድኖችን በእጅ አድርጎ ልጆቹን ከችግኝነታቸው ጀምሮ ማሳደግ ይሻላል ብሎ አሰበ። ይህንም አሠራር ሰዎች የእርሻ ሥርዓት አሉት። ታናሹ ቡድን መደብ ሆነ፤ ችግኙ በዚያ ይበቅላል፤ ፍሬው ግን የሚሰበሰበው በታላቁ ቡድን ጎተራ ነው።

፪. የቡድኑ መነሻ

በ1897 ሮቸስተር በሚባል በአሜሪካ ከተማ የነበረ ቡድን በውድድሩ ወራት መካከል ወደ ሞንትሪያል ተዛወረ። በሚቀጥለውም ዓመት በ1898 የኢስተርን ሊግን ውድድር አሸነፈ። ይህም ሊግ በኋላ ኢንተርናሽናል ሊግ ተብሎ ተጠራ። ቡድኑ እስከ 1917 ከቆየ በኋላ ጠፋ፤ ከተማውም ዐሥር ዓመት ያህል ያለ ቡድን ኖረ።

በ1928 ሮያልስ እንደ ገና ተቋቋመ። በምሥራቁ የከተማ ክፍል በደሎሪሚዬና በኦንታሪዮ መንገዶች መገናኛ 20,000 ያህል ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲዮም ተሠራለት። በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ የሚበዛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪውና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው በቋንቋ፣ በትምህርት ቤትና በሰፈር ተለያይተው በሚኖሩባት ከተማ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ወንበር ተደርድረው ባንድነት ከሚጮኹባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ስታዲዮም ነበር።

በ1935 ቡድኑ የሊጉን የመጀመሪያ ደረጃ አገኘ። ከ1939 ጀምሮ ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ የነበረው የብሩክሊን ዶጀርስ ተጋማጅ ሆነ፤ ይኸውም ከታላቁ ሊግ በታች ያለው የመጨረሻው የዶጀርስ ደረጃ ሆነ ማለት ነው። በ1942 መጨረሻ ብራንች ሪኪ የዶጀርስ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። የሮያልስም ዕድል ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርሱ እጅ ገባ።

፫. የተዘጋው በር

በዚያ ዘመን በታላላቆቹም ሆነ በታናናሾቹ ሊጎች ጥቁር ሰው አይጫወትም ነበር። ይህን የሚከለክል ሕግ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ልማድ ሆኖ ግን ከሕግ ይልቅ ይጠበቅ ነበር። በ1880ዎቹ ጥቂት ጥቁሮች ከነጮች ጋር ተጫውተዋል። ከነርሱም ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከር በ1884 በታላቅ ሊግ በቶሊዶ ቡድን ነበረ። በ1887 ግን የኢንተርናሽናል ሊግ ባለቤቶች ተሰብስበው ከእንግዲህ ወዲህ ከጥቁር ተጫዋች ጋር አዲስ ውል እንዳይደረግ ወሰኑ። ዎከርም በዚያው ሊግ በሲራክዩስ ቡድን እስከ 1889 ከቆየ በኋላ በሩ ተዘጋ።

ጥቁሮቹም የራሳቸውን ሊጎች አቆሙ። በነዚያ ሊጎች ከነጮቹ የማያንሱ፣ ምናልባትም የሚበልጡ ተጫዋቾች ዕድሜያቸውን ጨረሱ። በሌሊት በአውቶቡስ እየተጓዙ፣ ሆቴልና ምግብ ቤት እየተከለከሉ ከከተማ ወደ ከተማ ይጫወቱ ነበር።

አንባቢ ይህን ያስተውል፤ በ1887 በሩ የተዘጋበት የኢንተርናሽናል ሊግ ስም፣ ከ59 ዓመት በኋላ በሩ የተከፈተበት ሊግ ስም ነው።

፬. ሪኪና ሮቢንሰን

ሪኪ የሜቶዲስት ሃይማኖት ተከታይ ነበረ፤ የእሑድን ቀን ስለሚያከብርም በሰንበት ወደ ጨዋታ ሜዳ አይሄድም ነበር። ጥቁሮችን ለማስገባት ያሰበው ግን ስለ ጽድቅ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ያልተነካ የተጫዋች ሀብት በጥቁሮቹ ሊጎች እንዳለ አይቶአል፤ ማሸነፍም ይወድ ነበር፤ የሚመጣውንም የተመልካች ገንዘብ ያውቅ ነበር። መልካም ሥራ ብዙ ጊዜ ከተደባለቀ አሳብ ይወለዳል፤ ስለ ተደባለቀም መልካምነቱ አይጠፋም።

በኦገስት 28 ቀን 1945 ሪኪ ጃኪ ሮቢንሰንን በብሩክሊን በጽሕፈት ቤቱ ተቀበለው። ሮቢንሰን በ1919 በጆርጂያ ክፍለ አገር ተወልዶ በካሊፎርኒያ ያደገ፣ በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ በአራት ዓይነት ስፖርት የታወቀ፣ በጦርነቱም ጊዜ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ምክትል መቶ አለቃ የነበረ ሰው ነው። በ1944 በቴክሳስ በአንድ የጦር ሰፈር አውቶቡስ ላይ ወደ ኋላ ሂድ ቢሉት እንቢ በማለቱ በጦር ፍርድ ቤት ተከሶ ነጻ ወጥቶአል። በ1945 ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ በሚባለው የጥቁሮች ቡድን ይጫወት ነበር።

ሪኪም በዚያ ቀን ሦስት ሰዓት ያህል ፈተነው። አንድ ጊዜ እንደ ክፉ የሆቴል ጸሐፊ፣ አንድ ጊዜ እንደ ተሳዳቢ ተጫዋች እየሆነ በፊቱ ጮኸበት። ስድብን በስድብ፣ ምትን በምት እንዳይመልስም ቃል አስገባው፤ ሌላውን ጉንጭ ስለ ማዞር የሚናገረውን የወንጌል ቃልም አስታወሰው። ይህ ለሮቢንሰን ቀላል አልነበረም፤ በተፈጥሮው ቁጡ፣ መብቱንም አሳልፎ የማይሰጥ ሰው ነበርና።

ኦክቶበር 23 ቀን 1945 በሞንትሪያል ከጋዜጠኞች ፊት ውሉ ተፈረመ። የሮያልስ ፕሬዚዳንት ኤክቶር ራሲን ሲናገር ጥቁሮች በጦርነቱ ከነጮች ጎን ቆመው አደጋውን እንደ ተካፈሉ ጠቅሶ፣ በጨዋታም ትክክለኛ ዕድል እንዲሰጣቸው ይገባል አለ። ደመወዙ በወር 600 ዶላር፣ ስለ መፈረሙም የተሰጠው 3,500 ዶላር ነበር። ለሞናርክስ ግን ምንም ካሣ አልተከፈለም። ይህን ነገር በኋላ ስለ ዋጋው ሲነገር ማስታወስ ያሻል።

፭. የፍሎሪዳ ወራት

በ1946 ፌብሩዋሪ ሮቢንሰን ሬቸል የምትባለውን እጮኛውን አገባ። ከሠርጋቸውም በኋላ ወዲያው ለልምምድ ወደ ፍሎሪዳ ተጓዙ። በመንገድም በአውሮፕላን የነበራቸውን ቦታ ሁለት ጊዜ ተነጠቁ፤ በመጨረሻም በአውቶቡስ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሌሊቱን ተጉዘው ደረሱ። ሮቢንሰን ይህን ሁሉ በዝምታ ተሸከመ፤ ሬቸልም በአውቶቡሱ ውስጥ ባልዋ እንዳያያት በስውር አለቀሰች።

በሳንፎርድ ከተማ ልምምድ በጀመረ በሁለተኛው ቀን የከተማው ሰዎች በማስፈራራታቸው ወደ ዴይቶና ቢች ማምለጥ ግድ ሆነበት። ዴይቶና ቢች ግን ተቀበለችው። በማርች 17 ቀን 1946 በዚያች ከተማ ሮያልስና ዶጀርስ ሲገጥሙ ሮቢንሰን ከሕዝብ ፊት ተጫወተ። ጃክሰንቪል የሜዳዋን በር ቈልፋ ቡድኑን መለሰች። ደላንድ ደግሞ የሜዳው መብራት መታደስ አለበት ብላ ጨዋታውን ከለከለች፤ ጨዋታው ግን በቀን የሚደረግ ነበር።

የሮያልስ አሠልጣኝ ክሌይ ሆፐር ከሚሲሲፒ ክፍለ አገር የመጣ ሰው ነበር። ጥቁርን ከነጭ ጋር እኩል የማያይ ልማድ ይዞ ያደገ ስለ ሆነ ሮቢንሰን በእርሱ ቡድን እንዳይመደብ ሪኪን ለምኖት ነበር፤ ሪኪ ግን አልሰማውም።

፮. የ1946 ውድድር

የሊጉ ውድድር ኤፕሪል 18 ቀን 1946 በጀርሲ ሲቲ ተከፈተ። ስታዲዮሙ ሞልቶ ነበር። ሮቢንሰን መጀመሪያ በመታ ጊዜ አልተሳካለትም። በሁለተኛው ጊዜ ሁለት ባልደረቦቹ በማረፊያ ላይ ሳሉ ኳሱን ከአጥር ውጭ አሳለፈው። ዞሮ ሲገባ ቀጥሎ የሚመታው ጆርጅ ሹባ የሚባል ነጭ ባልደረባው እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ ፎቶግራፍም ተነሣ። ነጭና ጥቁር ተጫዋች በዚህ ሜዳ ላይ እጅ ለእጅ የተያያዙበት ይህ ሥዕል እስከ ዛሬ ይታያል። በዚያ ቀን ሮቢንሰን ከአምስት ምት አራቱን አሳካ፤ ሁለት ማረፊያ ሰረቀ፤ አራት ጊዜ ዞሮ ገባ። ሮያልስም 14 ለ 1 አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ሁሉ እንደዚያ ቀን አልነበረም። በባልቲሞር ስድቡ በረታ። በሲራክዩስ ከተቃራኒው ወገን አንድ ሰው ጥቁር ድመት ወደ ሜዳው ለቅቆ ዘመድህ መጣ ብሎ ጮኸበት። ሮቢንሰን በዚያው ተራ መትቶ ሁለት ማረፊያ አለፈ፤ ከዚያም ዞሮ ሲገባ አሁን ዘመዴ ደስ ሳይለው አይቀርም የሚል ነገር መለሰለት። ሆኖም ቍጣውን በሆዱ ይዞ መኖሩ ጎዳው፤ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ስላለው ሐኪም ዕረፍት እስኪያዘው ድረስ ደረሰ።

የሞንትሪያል ኑሮ ግን ሌላ ነበር። ሬቸል በቪሌሬ ሰፈር በደ ጋስፔ መንገድ ቤት ልትከራይ ሄደች፤ እንደ ለመደችውም መከልከልን ትጠብቅ ነበር። የቤቲቱ እመቤት ግን ሻይ አቅርባ ተቀበለቻት፤ ዕቃዋንም ሳይቀር እንድትጠቀምበት ተወችላት። ጎረቤቶቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስለ ነበሩ ከባልና ሚስቱ ጋር በቋንቋ አይግባቡም ነበር፤ ነገር ግን ሬቸል መፀነስዋን ባወቁ ጊዜ ልብስ በመስፋት ረዷት፤ በጦርነቱ ምክንያት ምግብ በኩፖን ይታደል ስለ ነበር ከድርሻቸው አካፈሏት። ልጆቹም ከገበያ ስትመለስ ዕቃዋን ተሸክመው ያደርሱላት ነበር።

ሮቢንሰን በዚያ ዓመት ከሊጉ መቺዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ፤ የመምታቱም ልክ ከሺህ 349 ነበር። 113 ጊዜ ዞሮ ገባ፤ 40 ማረፊያ ሰረቀ። ቡድኑ 100 ጨዋታ አሸንፎ 54 ተሸንፎ ከሁሉ በላይ ሆነ። ሮቢንሰን የተጫወተባቸውን ጨዋታዎች በሜዳውና በሌሎች ከተሞች ያየው ሰው ቍጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ሮያልስ የሌላኛው ሊግ አሸናፊ ከሆነው ከሉዊቪል ቡድን ጋር ገጠመ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች በኬንታኪ ክፍለ አገር በሉዊቪል ተደረጉ። በዚያ ለጥቁር ተመልካች የተፈቀደው ቦታ ጥቂት ነበር፤ የነጮቹም ስድብ ያለ ልክ ነበር። ሮቢንሰን በዚያ አልቀናውም፤ ሉዊቪልም ከሦስቱ ሁለቱን አሸነፈ። ወሬው ሞንትሪያል በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ተቈጣ። የሉዊቪል ተጫዋቾች በደሎሪሚዬ በወጡ ቍጥር ስታዲዮሙ በሙሉ ይጮኽባቸው ጀመር። ሮያልስም ሦስቱን ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ኦክቶበር 4 ቀን ድሉን ጨረሰ።

ያን ጊዜ ሕዝቡ ወደ ሜዳ ገብቶ ሮቢንሰንን በትከሻው ተሸከመው። ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲወጣም ብዙ ሰው በመንገድ እየሮጠ ተከተለው። ሳም ማልቲን የሚባል የሞንትሪያል ጋዜጠኛ ይህን አይቶ፣ የነጮች ጭፍራ ጥቁሩን ሰው ሊገድለው ሳይሆን ወድዶት ያባረረበት ምናልባት በታሪክ ብቸኛው ቀን ይህ ነው የሚል አሳብ ጻፈ። ክሌይ ሆፐርም ከመለያየታቸው በፊት የሮቢንሰንን እጅ ጨብጦ ታላቅ ተጫዋችና ጨዋ ሰው መሆኑን መሰከረለት። በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ ወጣ፤ የታላቁም ሊግ በር ተከፈተ።

፯. ያልተሻገሩትና የተከፈለው ዋጋ

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነቱ ይህ ብቻ አይደለም። በ1946 ሮያልስ ከሮቢንሰን ሌላ ሁለት ጥቁር ወርዋሪዎች ነበሩት፤ ጆን ራይትና ሮይ ፓርትሎው ይባሉ ነበር። ሁለቱም በጥቁሮቹ ሊጎች የተመሰገኑ ነበሩ። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ሳይሰጣቸው በዚያው በኩቤክ ክፍለ አገር በትሯ ሪቪዬር ወደሚገኘው ዝቅ ወዳለው ቡድን ተላኩ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ወደ ጥቁሮቹ ሊጎች ተመለሱ። ታላቁን ሊግ አላዩትም። የሮቢንሰን ሸክም በእነርሱም ትከሻ ላይ ነበር፤ የሮቢንሰን ዝና ግን አልደረሳቸውም።

ሞንትሪያልንም ንጹሕ ከተማ አድርጎ መናገር አይገባም። በ1936 ፍሬድ ክሪስቲ የሚባል የከተማው ነዋሪ ጥቁር በመሆኑ በአንድ መጠጥ ቤት ቢራ ተከልክሎ ከሰሰ፤ በ1939 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጋዴው መከልከል ይችላል ብሎ ፈረደበት። በኖቫ ስኮሺያ ክፍለ አገርም በኖቬምበር 1946፣ ሮቢንሰን በትከሻ ከተወሰደ አንድ ወር ያህል በኋላ፣ ቫዮላ ዴዝመንድ የምትባል ጥቁር ሴት በሲኒማ ቤት በነጮች ወንበር በመቀመጥዋ ታስራ ተቀጣች። እንግዲህ የሞንትሪያል ሰዎች መልካምነት ከሌላው የተለየ ተፈጥሮ ስላላቸው አልነበረም። አንድ ሰው በመካከላቸው ሲኖርና ሲሠራ አይተው የመረጡት ነገር ነው፤ ስለ መረጡትም ይመሰገናሉ።

የጥቁሮቹ ሊጎችም ዋጋውን ከፈሉ። ምርጥ ልጆቻቸው ወደ ታላላቆቹ ሊጎች ሲሄዱ ተመልካቻቸውም ተከትሎ ሄደ። ከሁለቱ ዋና ሊጎቻቸው አንዱ ከ1948 በኋላ ፈረሰ። በእነዚያ ሊጎች ይተዳደሩ የነበሩ ባለቤቶች፣ አሠልጣኞችና ሠራተኞች በአዲሱ ቤት ወንበር አልተዘጋጀላቸውም ነበር። የተዘጋው በር ሲከፈት ተጫዋቹ ገባ፤ ያሳደገው ቤት ግን በውጭ ቀረ። ይህ ዕጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ በሮያልስም ደረሰ።

፰. ከሮቢንሰን በኋላ

ከ1946 በኋላ ለብዙ ዓመታት ሮያልስ ለብሩክሊን ያቀና ነበር። ሮይ ካምፓኔላ በ1947 በሞንትሪያል ቀላቢ ነበር፤ በኋላ በ1951፣ በ1953 እና በ1955 የሊጉ ከሁሉ የበለጠ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ወርዋሪው ዶን ኒውኮምብ በ1948 ከሞንትሪያል ጋር ድል አግኝቶ በ1949 ወደ ዶጀርስ ወጣ። ቡድኑ የታናናሾቹን ሊጎች የመጨረሻ ውድድር በ1948 እና በ1953 እንደ ገና አሸነፈ።

አሠልጣኞችም ከዚህ ቤት ወጥተዋል። ከ1950 እስከ 1953 ሮያልስን የመራው ዋልተር ኦልስተን በ1954 የዶጀርስ አሠልጣኝ ሆኖ እስከ 1976 ቆየ፤ በ1955 ብሩክሊን የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ያገኘው በእርሱ ጊዜ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ እስከ 1996 የመራው ቶሚ ላሶርዳ ደግሞ በሞንትሪያል ብዙ ዓመት የኖረ፣ በቡድኑም ታሪክ ከወርዋሪዎች ሁሉ የሚበልጥ ድል ያገኘ ሰው ነበር። እንዲህ ሆኖ ዶጀርስ ከአርባ ዓመት በላይ በሁለት የሮያልስ ሰዎች እጅ ተመራ።

በ1954 ከፖርቶ ሪኮ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ የሚባል የ19 ዓመት ልጅ መጣ። ዶጀርስ ስለ መፈረሙ 10,000 ዶላር ሰጥቶት ነበር። በዚያ ጊዜ በነበረው ደንብ ግን ከ4,000 ዶላር በላይ የተቀበለ ልጅ በታናሽ ሊግ የተቀመጠ እንደ ሆነ በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ቡድን ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች እንደሚሉት ሌሎች አይተው እንዳይመኙት ብዙ ጊዜ ከጨዋታ ውጭ ያስቀምጡት ነበር። ቋንቋውን በማያውቅበት አገር ያለ ሥራ መቀመጥ ልጁን አሳዘነው። መደበቁም አልጠቀመም፤ በኖቬምበር 1954 የፒትስበርግ ቡድን ወሰደው። እርሱም በዘመኑ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ፤ በ1972 መጨረሻ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱት ለኒካራጓ ሰዎች ርዳታ ይዞ ሲሄድ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

፱. የቡድኑ መፍረስ

ሮያልስን ያስከበረው የዶጀርስ ወዳጅነት ያፈረሰውም እርሱ ነው። ቡድኑ መልካም ተጫዋች ሲያፈራ ይወሰድበታል፤ ሕዝቡ ስሙን ለምዶ ሳይጠግብ ልጁ ይሄዳል። ይህ የውሉ ሥርዓት ስለ ነበር ማንም አልተታለለም፤ ነገር ግን የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደ ተባለው፣ ለሌላው የተትረፈረፈው ቤት ለራሱ የሚያስቀረው አጣ።

በ1949 በአሜሪካና በካናዳ 59 ታናናሽ ሊጎች ነበሩ፤ ያያቸውም ሰው 40 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን የታላላቆቹን ሊጎች ጨዋታ በየቤቱ አመጣው፤ አውቶሞቢልም የቤተ ሰቡን የዕረፍት ቀን ወደ ገጠር ወሰደው። የተመልካቹም ቍጥር ከግማሽ በታች ወረደ። በሞንትሪያልም በደሎሪሚዬ ባዶ ወንበር በዛ።

ዶጀርስ ከ1957 ውድድር በኋላ ብሩክሊንን ትቶ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ከዚያ በኋላ በምዕራቡ ዳርቻ በስፖኬን ቅርብ ቡድን ስለ ነበረው ሞንትሪያል ሩቅ ሆነችበት። ሮያልስ በ1958 አንድ ጊዜ ደግሞ የሊጉን አንደኛነት አገኘ፤ ይህም የመጨረሻው ክብሩ ሆነ። በ1960 ውድድሩ ሲያበቃ ዶጀርስ እጁን አወጣ፤ የቡድኑም ፈቃድ ወደ ሲራክዩስ ተዛወረ። ያለ ልቅሶ፣ ያለ ስንብት በዓል፣ ጥቂት ሰው በቀረበት ሜዳ የሮያልስ ስም ተዘጋ። ስታዲዮሙም ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ፈረሰ።

፲. የቀረው ነገር

በ1969 ሞንትሪያል የታላቁን ሊግ ቡድን አገኘች፤ ኤክስፖስ ይባል ነበር፤ ከአሜሪካ ውጭ የተመሠረተ የመጀመሪያው የታላቅ ሊግ ቡድን ነው። እርሱም በ2004 ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ዋሺንግተን ሄደ። ከተማዋ በሁለቱም ዘመን ያፈራችውን ስትሸኝ ኖረች።

ሮቢንሰን በ1972 ሞተ። ሞንትሪያል ግን አልረሳችውም። በኦሎምፒክ ስታዲዮም አጠገብ ሐውልቱ ቆሞአል። በ2011 ደግሞ በደ ጋስፔ መንገድ ባልና ሚስቱ በተከራዩት ቤት ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተተከለ። አላፊ አግዳሚው ሲያነበው የሚያስበው የስታዲዮሙን ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ሻይ ያቀረበችውን ሴት፣ ልብስ የሰፉትን ጎረቤቶች፣ ዕቃ የተሸከሙትንም ልጆች ነው። እነዚህ ሰዎች ኳስ አልመቱም፤ ነገር ግን ሮቢንሰን በቀን የተሰደበበትን ሸክም ማታ የሚያወርድበትን ደጃፍ ጠበቁለት።

አንድን ማኅበር በዕድሜው ርዝመትና በዋንጫው ብዛት ብቻ መመዘን የተለመደ ነው። በዚህ ሚዛን ሮያልስ ከብዙዎቹ ይቀላል፤ ራሱን ያልቻለ፣ የሌላ አገልጋይ የነበረ፣ ዛሬም የሌለ ቡድን ነውና። ዳሩ ግን ሌላው በሩን በዘጋበት ሰዓት ማን በሩን ከፈተ ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ስሙ ከፊት ይመጣል። በመክፈቱም ከሌሎች የተሻሉ ሰዎች ስለ ነበሩት አይደለም፤ ከሚሲሲፒ የመጣው አሠልጣኝም፣ ትርፍን ያሰበው ሪኪም፣ ክሪስቲን የከለከለችው ከተማም በአንድነት የዚህ ታሪክ ሰዎች ናቸው። የሚያስደንቀው እንዲህ ካሉ ሰዎች ይህ ሥራ መውጣቱ ነው።

በ1997 የአሜሪካ ታላላቅ ሊጎች ሮቢንሰን በብሩክሊን የለበሰውን 42 ቍጥር ማንም እንዳይለብሰው ለክብሩ አኖሩት፤ በየዓመቱ በኤፕሪል 15 ቀን ብቻ ተጫዋቾች ሁሉ ይለብሱታል። በሞንትሪያል የለበሰው ቍጥር ግን 9 ነበር። 42ን ዓለም ያውቀዋል፤ 9ን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው፤ ነገር ግን 9 ባይቀድም 42 አይከተልም ነበር።